ይድረቅልኝ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ዘይት ይሸት ነበር፤ የወጥ ዘይት ግን አይደለም፤ የጠመንጃ ዘይት ነው። ከላምባ ጋር ተቀላቅሎ በአባቴ ካፖርት ላይ፣ በእናቴ ነጠላ ላይ፣ በእኔም ደብተር ላይ ያድር ነበር። ቢቸና ትምህርት ቤት በገባሁበት ሰሞን አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እስከ አግዳሚው ዳር ተጠጋች። እኔ ሽታውን የማውቀው የቤት ሽታ አድርጌ ስለነበር ምን እንደሆነች አልገባኝም። ዛሬም የልብስ ስፌት መኪና ሲቀባ ከሸተተኝ ያ ዘመን ይመጣብኛል። ብዙ ጊዜ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ።

አባቴ የአውራጃው ፖሊስ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ሙያውን የተማረው ሐረር፣ በጦር ሠራዊት ውስጥ እያለ ነው። ከዚያ ወደ ፖሊስ ተዛውሮ ቢቸና ሲመደብ እናቴንና እኔን ይዞ ዓባይን ተሻገረ። ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ስለነበር በከተማው ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም "ሃምሳ አለቃ" ይለው ነበር። የሚሠራው በጣቢያው ግቢ ጥግ በቆመች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ከቤታችን ጋር በአንድ አጥር የተያያዘች ስለነበረች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሯ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

ሥራውን ማየት እወድ ነበር። አባቴ ጠመንጃ ሲቀበል አይቸኩልም። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን ደጋግሞ ያያል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ አቡጀዴ ያነጥፍና መሣሪያውን ይፈታዋል፤ የፈታውንም በፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድረዋል። ቃታውን ላምባ ውስጥ ይነክራል፣ ሞላውን በጣቱ ጫን አድርጎ ይሞክራል፣ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ወደ ብርሃን ይዞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። የሰደፉን እንጨት የሚፍቀው ግን በጠርሙስ ስባሪ ነበር። ሞረድ እንጨት ይቧጭራል፣ ጠርሙስ ላዩን ብቻ ነው የሚልጠው ይል ነበር። ፍቆ ሲጨርስ በኑግ ዘይት አሽቶ ጥላ ውስጥ ያቆመዋል። ከእጁ የወጣ ጠመንጃ አዲስ ይመስላል። ኩራቱ ይህ ነበር፤ ሌላ ኩራት አላየሁበትም። ግማሽ ሥራ መስጠት አይሆንለትም። ቃታው ተይዞ የመጣ ጠመንጃ ሰደፉ ተወልውሎ፣ ማንገቻው ተሰፍቶ ነበር የሚመለሰው።

በገበያ ቀን፣ አዛዡ ስለፈቀዱለት፣ የባላገሩንም ጠመንጃ ያይ ነበር። ባላገሮቹ ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደታመመ ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ። አንዱ የተናገረው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይኸ ጠመንጃ አልናገር ብሎኛል።"

"ምን እንዲናገርልህ ነው?" አለ አባቴ።

"አንድ ቃል ብቻ።"

"ለማን?"

"ለከርከሮ ነው እንጂ! ለእርስዎማ በአፌ እየተናገርኩ አይደል?"

አባቴ ፈገግ ብሎ ካቻቢቴውን አነሣ። ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። ጠመንጃው ምን ሊሠራበት እንደሆነ ማወቅ የጠጋኝ ሥራ አይደለም ብሎ ያምናል። ሐረር እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩት።

ያም ሆኖ ብረት የሚነካ ሰው በዚያ አገር ብዙ አይከበርም። ፊት ለፊት "ሃምሳ አለቃ" ይሉታል፤ ከኋላው ቀጥቃጭ ነው። ልጆቹማ ጀርባዬን እስክሰጥ እንኳ አይጠብቁም። "የቀጥቃጭ ልጅ፣ ዓይንሽን መልሺ!" ይሉኝ ነበር፤ እንዳልበላቸው መሆኑ ነው። አንድ ቀን ለአባቴ ብነግረው ሞረዱን አስቀምጦ፣ "እኔ መቼ ቀጠቀጥኩ? እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ንገሪያቸው" አለኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ስሜ "ፈትቶ ገጣሚ" ሆነ።

ከክፍላችን ያልሰደበኝ ደመላሽ ብቻ ነው። ከእኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ያኔ አምስተኛ ክፍል ውስጥ ጺም ያወጣ ተማሪ ማየት ብርቅ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግሩ እየተመላለሰ ይማራል፤ እኋላዬ ካለው አግዳሚ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ ልጆቹ ሲያበዙብኝ፣ "አባቷ የአባቶቻችሁን ጠመንጃ ባይጠግን ጅቡን በምን ልታባርሩ ነው? በስድብ?" አላቸው። ሳቁና ተዉኝ። እሱን ደግሞ በሌላ ያዙት። "ስሙ ደመላሽ፣ ሥራው ተመላላሽ" ብለው ገጠሙበት። ቅኔ አገር ነውና ልጁም ሲሰድብ ቤት ይመታል። ደመላሽ እንዳልሰማ ሆኖ ደብተሩን ገለጠ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ስሙ ለምን እንዳስቀላው በኋላ ገባኝ። አባቱ በወሰን ጠብ የተገደለው እሱ በእናቱ ሆድ ሳለ ነው። ገዳዩ ፈንታ የሚባል ጎረቤት ሲሆን፣ ወንዝ ተሻግሮ ሞጣ ከዘመዶቹ ዘንድ ተቀምጧል። እናቱ ወይዘሮ እንጉዳይ ልጁ ሲወለድ ደመላሽ አለችው። እንዲህ ተብሎ የተጠራ ልጅ ምን እንደሚጠበቅበት የማያውቅ የለም። የአባቱን ምንሽር ደግሞ ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ሰውየው ሲወድቅ የወደቀው በጠመንጃው ላይ ነበርና ሰደፉ ደሙን ጠጥቶ ጠቁሯል። ያን እንጨት ማንም እንዲያጥበው፣ እንዲወለውለውም አልፈቀደችም። ልጁ ከሥሩ እየተኛ አደገ።

ሽማግሎች ግን አልተዉአትም። መሪያቸው ከደብረ ወርቅ የሚመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቃል የማያመልጣቸው ሰው። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲቃረብ ደሙ ይድረቅ እያሉ ደጇን ያዙ። ደም ማድረቅ ማለት የሟችንና የገዳይን ወገን ማስታረቅ መሆኑን ለጎጃም አንባቢ መንገር አያስፈልግም። አባቴ ግን አያውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም። በእነሱ አገር ይህ ነገር ሌላ ቃል ነበረው። እንጉዳይ ሽማግሎቹ በመጡ ቁጥር፣ "እሱ ነው የሚያውቀው፣ ይደግ" ትላለች፤ ምሰሶውን እያየች።

ደመላሽ አደገ። ያደገው ግን ወደ መጽሐፍ ነው። መምህራችን ለካርታ ሲጠሩት ከመቀመጫው የሚነሣበት ፍጥነት ዛሬም ይታየኛል። ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ሊማር፣ ከዚያም መምህር ሊሆን ይፈልግ ነበር። ይህን የነገረኝ አንድ ቀን ዝናብ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ይዞን ሲቆይ ነው። ስለ ደሙ አልነገረኝም። ሰው ልግደል ሲል ይሰማል፤ አልገድልም ብሎ የሚናገርበት ቦታ ግን አልነበረም። ቢናገር ፈሪ ነው፣ የሴት ልጅ ነው ይባላል፤ የተገጠመበት ግጥም ርዝመት ይጨምራል።

ክረምቱ እንደወጣ በአንድ የገበያ ቀን ደመላሽ በጋቢ የተጠቀለለ ምንሽር ይዞ አባቴ ክፍል ገባ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰላም አለኝና ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

"የማን ነው?" አለ አባቴ ሲፈታው።

"የአባቴ ነበር። እናቴ ናት የላከችኝ።"

"ቃታው ዝጎ ተጣብቋል። እንጨቱም ረጥቦ አብጧል። ጢስ ጠጥቷል መሰለኝ፣ ምንድነው ይኸ ጥቁረት? ለመሆኑ ምን አለች?"

ደመላሽ ባዶውን ጋቢ አጠፈ። ከዚያ፣ "ይድረቅልኝ ብላለች" አለ።

"እንጨቱ?"

"ይድረቅልኝ ነው ያለችው።"

አባቴ እንጨቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየና ራሱን ነቀነቀ። የረጠበ ሰደፍ ይደርቃል፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? ልጁ ሳይቀመጥ ወጣ።

ያን ምንሽር አባቴ እንደሥራው ሁሉ ሠራው። ቃታው ላምባ ውስጥ ቆይቶ ለቀቀ፤ መርፌውን ቀየረለት። ከዚያ ጠርሙስ ሰበረና ሰደፉን ይፍቅ ጀመር። ጥቁረቱ ጥልቅ ስለነበር ብዙ ለፋበት። እየፋቀ፣ "እንዲህ ያለ እንጨት አጨልመው ይኖራሉ" ሲል ሰምቼዋለሁ። ከሥሩ ሸክላ የመሰለ፣ ጅማቱ የሚታይ ቀይ እንጨት ወጣ። ፍቅፋቂውን በመጥረጊያ ሰብስቤ ከአጥሩ ሥር የበተንኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ የማደርገው ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ወይዘሮ እንጉዳይ ራሷ መጣች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ረዥም ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ያን ያህል ዘመን ሐዘኗን አላወጣችም ነበር። ደመላሽ ከኋላዋ ቆሟል። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ባለጉዳዮች ከሚያርፉበት ዛፍ ሥር፣ መሪጌታና ሁለት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። እሷ ከተማ በገባች ቁጥር እነሱም አይጠፉም።

አባቴ ምንሽሩን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ደስ ብሎት ነበር። ቃታውን ሳብ መለስ አድርጎ አሰማትና፣ "እንዲህ ነው እንግዲህ እመቤቴ" ብሎ ሰጣት። እሷ ቃታውን አላየችም። መዳፏን በሰደፉ ላይ አሳለፈች። እንደገና አሳለፈች።

"የታል?" አለች።

"ምኑ?"

"ደሙ።"

አባቴ አልገባውም። ወደ ጠመንጃው አየ፣ ወደ እሷ አየ። "ይድረቅልኝ ብላለች ብሎ ልጅዎ ነገረኝ" አለ። "አደረቅሁት።"

 ጠመንጃ ይዞ ተራ የሚጠብቅ አንድ ባላገር እንደ ማስነጠስ ያለ ሳቅ አመለጠው። ከዛፉ ሥር መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ።

"ምን አሉ ሃምሳ አለቃ? ጆሮዬ ደክሟል፣ እስኪ ይድገሙልኝ።"

አባቴ ወታደር ነው፤ ድገም ሲሉት ይደግማል። "ይድረቅልኝ ብለው ላኩ፤ አደረቅሁት። ደርቋል" አለ።

"ሰማችሁ?" አሉ መሪጌታ ወደ ሰዉ ዞረው። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "እንጉዳይ ይድረቅልኝ ብላ ላከች። የመንግሥት ሰው አደረቀ። ገበያው ሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ምን ቀረን?"

"እኔ አላልኩም" አለች እንጉዳይ።

"ልጅሽ ነው ያለው፣ እታለም። በአንቺ አፍ ነው የተላከው።"

ያን ጊዜ ወደ ልጇ ዞረች። "አንተ። ምን ብለህ ተናገርክ?"

ደመላሽ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ያልሽኝን" አለ።

እኔ ቅርብ ነበርኩ፤ ፊቷን አይቻለሁ። እንደዋሸ አውቃለች። ዋሽቷል ብትል ደሙ አልደረቀም፤ ነገሩ እንደነበረ ይቀጥላል። ነገር ግን በገበያ ቀን፣ በሽማግሎች ፊት፣ የእናቱን ቃል የለወጠ ልጅ ተብሎ ይቀራል፤ እንዲህ የተባለ ሰው በዚያ አገር ለምስክርነትም አይቆም፣ ሚስትም አይሰጡት። እጇ ከሰደፉ ላይ አልተነሣም። ሰዉም ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችና፣ "ልጄ አለች ካለ፣ ብያለሁ ማለት ነው" አለች። ምንሽሩን በትከሻዋ አድርጋ ብቻዋን ሄደች። ደመላሽ እዚያው ቆሞ ቀረ።

እርቁ የተፈጸመው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። እኛ አልሄድንም፤ ግን ያልተናገረ ሰው አልነበረም። ፈንታ ከሞጣ መጣ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ፣ ደመላሽ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። እንጉዳይ ፊቷን ተሸፍና ተቀምጣ ነበር አሉ። ማልቀሷን ያየ የለም። ከዚያ በኋላ ከተማው ለብዙ ጊዜ የሚስቅበት አገኘ። "ቤቱ ያልደረቀ ነገር ያለበት ሰው ሃምሳ አለቃ ዘንድ ይውሰድ" ይባል ነበር። አንዱማ በራችን ድረስ መጥቶ፣ "የሚስቴን አፍ ያድርቁልኝ" ብሎ ሄዷል። መሪጌታም የተመሰገኑበት ነገር ይህ ነው፤ በአንድ ቃል የሰው ነፍስ አተረፉ ተባለ። እውነትም ነው።

አባቴ ግን አልሳቀም። ለተወሰነ ጊዜ የባላገር ጠመንጃ መቀበል አቆመ። ሲጀምርም ሌላ ሰው ሆነ። እያንዳንዱን ጭረት፣ እያንዳንዱን ነጠብጣብ በጣቱ እያሳየ፣ "ይኸስ ምንድነው? ይነካ?" ይል ነበር። ባላገሮቹ ቀለዱበት። "እሱ ዝንብ ያረፈበት ነው፣ ሃምሳ አለቃ፣ ዝንቧን አስፈቅደው ይንኩት" አሉት። እናቴ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ "ሰው አገር ሲሠሩ ከእንጨቱ በፊት ሰውየውን መጠየቅ ነበር" አለችው። ጉርሻውን አስቀመጠ። እሷም ከዚያ በኋላ አላነሣችበትም።

ደመላሽ ትምህርቱን ቀጠለ። ከእናቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። እሷ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ በስሙ አልጠራችውም። "አንተ" ትለዋለች፤ ለሰው ስትናገር ደግሞ "ያ ልጅ"። የተፋቀውን ምንሽር እዚያው ምሰሶ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ በክፍል ቀድሞኝ ደብረ ማርቆስ ሊሄድ ሲል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። "በርታ" አልኩት፤ ሌላ የምለው ቢኖረኝም አልልም ነበር።

ከዚያ አባቴ ሞጣ ተዛወረና እኛም ተከተልን። ሞጣ ገበያ ውስጥ ፈንታን አሳዩኝ። የጠበቅሁት ሌላ ሰው ነበር። ጎንበስ ያለ፣ ጌሾ የሚሸጥ፣ ደንበኛ ሲጠራ ድምፁ የሚሰበር ሽማግሌ ነው። እናቴ አንዴ ሳታውቅ ከእሱ ጌሾ ገዝታ፣ ማን እንደሆነ ስነግራት ጌሾውን አየችና፣ "ጥሩ ጌሾ ነው" አለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእሱ አልገዛችም።

በአንድ ክረምት ደመላሽ ሞጣ ድረስ መጣ። ጎልምሶ ነበር፤ ኮት ለብሷል፣ ጫማው ጭቃ ነው። ያን ምንሽር በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል። እናቱ ሞታ አርባዋ ወጥቶ ነበር። አባቴ አስቀመጠው፤ እኔ ውሃ አመጣሁለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ ብርጭቆው እያየ ተናገረ።

"ሃምሳ አለቃ፣ እናቴ ያለችኝ ሌላ ነበር። ቃታውን ያላቅቁልኝ፣ እንጨቱን እንዳይነኩት ብላ ነው የላከችኝ።"

"አውቃለሁ" አለ አባቴ።

"መቼ አወቁ?"

"እሷ ዝም ያለች ጊዜ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። ደመላሽ ጋቢውን ፈታና ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ሰደፉ ከአባቴ እጅ እንደወጣ አለ፤ ያበራል።

"ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ" አለ። "ስሜን ትጠራኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እኔ እንኳ ያ ስም ይቅርብኝ ነበር የምለው። ጠበቅሁ ግን።" ቀጥሎ፣ "ይመለሳል?" ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ጥያቄው ገብቶታል። ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን ያዘው፤ እንደድሮው አንድ ዓይኑን ጨፈነ። የሚታይ ነገር አልነበረም። እንዲያ ያደረገው ወዲያው አይመለስም ላለማለት ይመስለኛል። "የተፋቀ እንጨት አይመለስም፣ ልጄ" አለው።

"ከፍቅፋቂው የቀረ ነገርስ?"

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ከአጥሩ ሥር መበተኔን ነገርኩት። ደመላሽ ራሱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም፤ ትክክለኛውን መልስ እንደሰማ ተማሪ ነው ራሱን የነቀነቀው። አባቴ፣ "እሷ የሰቀለችበት ምሰሶ ላይ መልሰህ ስቀለው" አለው። እንዲያድር ለመንነው፤ እንቢ አለ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ግንደወይን አስተማሪ ሆኖ ብዙ ልጅ አስተማረ፣ ወለደ፣ የልጅ ልጅም አየ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያች ቃል ባትኖር ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። አባቴ ግን ይህን ደጋግሜ ብነግረውም እስኪሞት ድረስ አልተጽናናበትም። "ልጁን አተረፍን፣ ያንቺም ደስታ ይሄ ነው" ይለኝ ነበር፤ "እኔ የማስበው ሴትየዋን ነው። ሳልጠይቃት ፋቅሁባት።"

እኔ ያን ጊዜ አባቴ ነገር የሚያከብድ ይመስለኝ ነበር። እንጨት እንጨት ነው፤ ልጇ በሕይወት አለ፤ ምን ትሻለች? እል ነበር። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ከዚያም ስዳር፣ ስወልድ፣ ይህን ታሪክ ለሰው የማወራው እንደ ቀልድ ነበር። መሪጌታን እያስመሰልኩ፣ "ጆሮዬ ደክሟል" ስል ሰው ይስቅልኛል።

ከዚያ ልጄ በጥይት ሞተ። ዘመኑን አልጽፍም፤ በእኔ ዕድሜ ያለ አንባቢ የሚገምተው ብዙ ዘመን አለው። ማን እንደተኮሰ አልታወቀም። ልብሱን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ጎረቤቶቼ ደግ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ፣ "አምጪው፣ አጥቤ ላድርቅልሽ" አለችኝ። አልሰጠኋትም። ሸሚዙ አሁንም ሣጥን ውስጥ ነው።

እንጉዳይ ጨካኝ ነበረች ሲሉ እሰማለሁ፤ ልጇን ለጠመንጃ ያሳደገች ይሏታል። ልክ ናቸው፤ እኔ ልጄን ለዚያ አላሳደግሁም። ቢሆንም ያኔ ገዳይ ስም ነበረው። ፈንታ ይባላል፤ ሞጣ ይቀመጣል፤ ጌሾ ይሸጣል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚንበረከክ ትከሻ ነበረው። ሽማግሎችም ዓመት ዓመት ደጇን ይዘው ይለምኗት ነበር፤ እሷ እንቢ ትላለች፣ እነሱ ተመልሰው ይመጣሉ። እንቢ የምትለው ሰው ነበራት። የእኔን ደጅ ስለ ልጄ ደም የመታ ሽማግሌ የለም። ከማን ጋር ያስታርቁኛል?

አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሽማግሎች ቢመጡ ምን እንደምላቸው አስባለሁ። እንቢ የምል ይመስለኛል። ቢሆንም ወንበር አውጥቼ አስቀምጣቸዋለሁ።